ጫፉን ያዝ

ሽማግሌው ሚስቱ አዛንፋ የቆለፈችውን የሹራብ ቁልፍ እየፈታ ሲያስተካክል እጁን መታችው።

"ምን አገባህ አንተ ሰውዬ? ማን ነህ?"

"ሹፌሩ ነኝ።"

ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስለነዳ ውሸት አልነበረም። "ባልሽ ነኝ" ያላት ቀን ጮኻ ጎረቤት ሰብስባበታለች።

ልጃቸው አልጋው ላይ የእናቷን ሻንጣ ታዘጋጃለች። ነገ ጠዋት ወደ ራሷ ቤት ልትወስዳት ነው። እናትየው በአንድ ወር ሁለቴ ጠፍታለች፤ በሁለተኛው ጊዜ የተገኘችው ረግረጉ ውስጥ፣ ውሃ እስከ ጉልበቷ ደርሶ ነው።

"አባዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልለምንህ። ላንተም ክፍል አለ።"

"አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ ምን ልሠራ? ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

"ግትር!"

"አንቺስ ማንን ወጣሽና?"

ወፎቹን ሳታይ እንዳትሄድ ብሎ ሚስቱን ደግፎ ወጣ። ልጅቱም ተከተለች። ረግረጉ ከጓሮ አጥሩ ቀጥሎ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንንሽ ጥቋቁር ወፎች ከየማሳው በሺህ በሺህ ይመጣሉ። ሸምበቆው ውስጥ ከማደራቸው በፊት ሰማዩ ላይ አብረው ይዞራሉ።

ጭልፊት ብቅ አለ። መንጋው ባንዴ ጠበበ፣ ጠቆረ፤ ደግሞ ተዘረጋ፣ ተጣጠፈ። መንጋው በሦስቱ አናት ላይ ሲያልፍ የክንፎቹ ድምፅ እንደ ዝናብ ነበር።

ሚስቱ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ሃያ ስድስት ዓመት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ያጠፈች ሴት ናት።

"ጫፉን ያዝ እንጂ! ምን ይገትርሃል? መሬት ሊነካ ነው!"

ሽማግሌው ዞር ብሎ ልጁን አያት። አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ እጆቹን አነሳ።

"ወጥር! ወጥር እንጂ! አሁን እጠፍ።"

መንጋው ሲታጠፍ እሷም ታጥፋለች።

"ና ወደኔ።"

መጣ። ጣቶቻቸው ተነካኩ። የሌለውን ጫፍ ከእጁ ተቀበለችው፤ እሱም ቤት ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ከታች ያለውን እጥፋት አነሳላት።

"ታጣምማለህ" አለችው። "ሁልጊዜ በግራ በኩል ታጣምማለህ።"

ሰው ሹፌሩን እንዲህ አይቆጣም።

"አስተካክላለሁ" አለ።

ወፎቹ እንደሚፈስ እህል ሸምበቆው ውስጥ ገቡ። ሰማዩ ባዶ ሆነ። እሷ ግን እጇን አላወረደችም።

"ነገም ብዙ አለ። ብቻዬን ላጥፈው ነው?"

ሽማግሌው ክንዷን ይዞ ወደ ቤት መለሳት።

ቤት ገብተው ልጅቱ የእናቷን እግር ስታጥብ፣ ሽማግሌው የራሱን መላጫና የመላጫ ብሩሹን ከመስኮቱ ደፍ አነሳ። በፎጣ አደራረቃቸው። ሻንጣው ውስጥ ከሚስቱ የሌሊት ልብሶች መሃል ሸጎጣቸው። ሁለት ሸሚዝ ጨመረ። የሻንጣው ክዳን አልገጥም አለ።

"ነይ እስቲ" አለ ልጁን፣ ቀና ሳይል። "በዚያ በኩል ያዢልኝ።"