በእቴቴ ክርን ልክ

እቴቴ ወንድሟ ሲያወራ ማቋረጥ አትወድም። ያን ቅዳሜ ግን ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ጥላ ወገቧን ይዛ ቆመች። ምሳ ላይ ናቸው። ወንድሟ ስልኩ ላይ ፎቶ ከፍቶ አዲስ ስለሚያሠሩት ኪችን ይተነትናል፤ የኢንሹራንስ ሰው አይደል፣ አንዴ አፉን ከከፈተ ደንበኛው ሳይፈርም አይዘጋውም።

«ይኸውልሽ እቴቴ፣ ማይክሮዌቭ ነው። ባንኮኒ ላይ እንደሚጎለተው ዓይነት ግን አይደለም፤ ካቢኔቱ ውስጥ ገብቶ የሚገጠም ነው። ቦታ አይዝ፣ ሽቦው አይታይ፣ ከኋላው አቧራ አይጠራቀም። ድንች የምትልጪበት ቦታ በሙሉ ነፃ ሆነልሽ ማለት ነው። ደግሞ በቁመት ልክ ስለሚገባ ጎንበስ ቀና የለም። ወገቤን ወገቤን ትዪ የለ?»

«ወገቤንማ እላለሁ። ማይክሮዌቭ አምጡልኝ ያልኩት መቼ ነው?»

ሚስቱ ሳቋን በውኃ ብርጭቆው ሸፈነች። እሱ እንዳልሰማ ቀጠለ።

«ዋናው ጥቅሙ ግን ምን መሰለሽ? እኔ ሳመሽ ቆመሽ መጠበቅ የለብሽም። ሳህኑን ማስገባት፣ ቁልፉን መጫን፣ በቃ! ሁሉም ሰው በገባበት ሰዓት የራሱን አሙቆ ይበላል።»

ሁሉም ሰው ይላል እንዴ! ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። አምሽቶ የሚገባው ደግሞ አንድ ነው። እናታቸው ሞታ፣ ይህ ዛሬ ከረባት የሚያስረው ሰውዬ ንፍጡን መጥረግ ሳይችል እጇ ላይ ከቀረ ጀምሮ የቀዘቀዘ እህል ቀምሶ አያውቅም። ለትዳር ሲጠይቋት «እስቲ መጀመሪያ ይሄ ልጅ ይድረስልኝ» ብላ መለሰች። ልጁ ደረሰ፤ ጠያቂዎቹ ግን በዚያው ቀሩ። እስካሁንም የመኪናው ድምፅ ከታች ሲሰማ ምድጃው ይለኮሳል፤ እሱ ጫማውን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ እስኪመጣ ምግቡ ይፋጃል። ቤት መጥረጉን፣ ልብስ ማጠቡን ማንም ይሠራዋል፤ እቴቴ ሥራዬ የምትለው ይህን ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጥቅም ሲደረድርላት አንድ ነገር ወለል ብሎ ታያት። ይህ የሱ ቃል አይደለም፤ የሚስቱ ነው። ፋርማሲ የምትሠራ፣ ረጅም፣ ከአፏ ቃል በወረፋ የሚወጣ ሴት ናት። እቴቴ በሆዷ ቀጭኔ ነው የምትላት። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ተንኮሉ ብዙ ነው፤ እንዲህ ነበር እቴቴ የምታስበው። ቀስ በቀስ ከምድጃው ልታፈናቅለኝ ነው፣ ዛሬ ማሞቁን፣ ነገ ማብሰሉን፣ ከዚያ ደግሞ በሩን ታሳየኛለች እያለች ሳህኖቹን ስታጥብ እያንገጫገጨች አጠበቻቸው።

አናጢው የመጣው ባልና ሚስቱ ሥራ በሄዱበት ቀን ነው። ኮሚክ ሰው ነበር። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሜትሩን በአንድ እጁ ቅርርር እያደረገ እየሳበና እየለቀቀ ኪችኑን ዞረው። ፎቶ ብታሳየው፣ ቁጥር ብትነግረው የማይሰማ፣ የራሱ ሕግ ያለው ሰው ነው። ማይክሮዌቭ የሚገባበትን ቁመት የሚቆርጠው የሚጠቀምበትን ሰው ግድግዳው ላይ አቁሞ ነው።

«እናቴ፣ እዚህ ቤት የሚያበስለው ማነው?»

«እናትህን ተዋቸው። እኔ ነኝ።»

«ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል? አንተ እየመጣህ ልታበስልልን?»

አናጢው ከት ብሎ ሳቀ። «እንግዲያው እዚህ ይቁሙልኝ። ጫማዎን አያውልቁ፣ ቤት ውስጥ በሚያደርጉት ይሁን። ክርንዎን ያጥፉ። ትኩስ ሾርባ የያዙ ይምሰልዎት።»

እቴቴ የሌለውን ሾርባ ይዛ ቆመች። ሰውየው ክርኗ ሥር በእርሳሱ ምልክት አደረገ። «አዩ፣ ሰው ዕቃው ውድ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ይመስለዋል። ከፍ ካለ ትኩሱ ፊት ላይ ይደፋል፣ ዝቅ ካለ ወገብ ይገላል። ባንኮኒ ላይ የተቀመጠ ቢሆን ካልተመቸ ነገ ቦታ ይቀየርለታል። ይሄ ግን አንዴ ከገባ ገባ ነው፤ ካቢኔቱ ካልፈረሰ አይነቃነቅም። ለዚህ ነው በኪችኑ ባለቤት ልክ የምሠራው።»

በኪችኑ ባለቤት! እቴቴ ቃሉን ለራሷ ደገመችው። በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር የተሰቀለው ከሷ በላይ ነው። ስኳሩን ለማውረድ ዱካ፣ መጋረጃውን ለመዝጋት ዱካ፤ መስታወቱ እንኳን ግንባሯን ብቻ ነው የሚያሳያት። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መጥቶ ቁመትሽ ስንት ነው አላት። ደስታዋ ደግሞ ንጹህ ነው አልልም፤ ትንሽ ክፋትም ነበረበት። ቀጭኔ ትጎንበሳ! አንድ ቀን እንኳን እሷ ትጎንበስ! ለሰውየው ሻይ አፈላችለት፤ ዳቦም ቆረሰችለት።

በሳምንቱ ካቢኔቱን ጭኖ መጣና ሲደበድብ፣ ሲበሳ ውሎ ማይክሮዌቩን ከተተው። ባልና ሚስቱ ያን ቀንም ሥራ ላይ ናቸው። አናጢው ሲሄድ እቴቴ ብቻዋን ቀርታ ወተት አሞቀች። ከዚያ ሾርባ አሞቀች። ከዚያ የትናንት ሩዝ። እውነቱን እንናገር፣ ነገሩ ይመቻል። ድስት አያሳርር፣ ጋዝ ረሳሁ አያሰኝ። በሩ ሲከፈት ሳህኑ እጇ ላይ ራሱ የመጣ ይመስል ነበር፤ ባንኮኒው ደግሞ ተለቅልቆ ሜዳ ሆኗል። አይ ወንድሜ፣ የተናገርከው ሁሉ ልክ ነው አለች ለብቻዋ። ልቧ ውስጥ ግን ሌላም ነገር ነበር። ይህ ዕቃ በኔ ክርን ልክ ተተክሏል፤ እሱ ካልወጣ እኔንም የሚያወጣኝ የለም። ማሞቁንም ቢሆን አልተወውም፣ ለሱ በዚሁ አሞቅለታለሁ አለች። ፍርሃቷ ለቀቃት፤ ከሰዓት በኋላውን ስታንጎራጉር ዋለች።

ያን ዕለት ባልና ሚስቱ አብረው በጊዜ ገቡ። ሚስትየው ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ኪችን ገብታ ቆመች። ማይክሮዌቩ ከወገቧ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ውስጡን ለማየት እጥፍ አለች። የእቴቴ ወንድም ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ለምን እንዲህ ታች ሆነ? ማንን ለክቶ ነው?»

«እኔን ነዋ!» አለች እቴቴ። «የሚያበስለው ማነው ሲለኝ እኔ ነኝ አልኩት። ዋሸሁ?»

«እቴቴ! ምናለ ደውለሽ ብትጠይቂኝ? አሁን ይሄ ሁሉ ሊፈርስ ነው!»

«ለምን ይፈርሳል? ለኔ ተመችቶኛል።»

«አንቺማ አክስታችን ጋ ልትሄጂ አይደል እንዴ!»

ቃሉ ሾልኮ ወጣ። ሰውዬው ራሱ ደነገጠ። ሚስትየው ዓይኗን ጨፈነች፤ «እንዲህ ነው የሚነገረው?» አለች በቀስታ።

እቴቴ ግን ወደሱ አልዞረችም። ለዚህ ቀን ስታጠራቅም ነው የከረመችው። ሄዳ ሚስትየው ፊት ተገተረች፤ ቀና ብላ ነው የምታያት።

«እሰይ! ተሳካልሽ! ዕልል በይ እንግዲህ! ማይክሮዌቭ ማይክሮዌቭ ስትይ የከረምሽው ለዚህ ነው? አንቺ ቀጭኔ! ገና ከበሩ ስትገቢ አውቄሻለሁ። ወንድሜን አሳደግኩ፣ ዳርኩ፣ አንቺ ደግሞ በበሰለው መጥተሽ ልትጥዪኝ?»

ሚስትየው ባሏን ብቻ አየችው። «ንገራት» አለችው።

«ተይው አሁን...»

«ንገራት! ካልነገርካት እኔ አልቆምም እዚህ።»

ወንድሟ ከረባቱን ላላ አደረገ። ያ አፉን ሳይፈርሙለት የማይዘጋ ሰው አሁን ቃል ጠፋው።

«እቴቴ... እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። እሷ ትቆይ ትቆይ እያለች ስንጣላ ነው የከረምነው። ማይክሮዌቩንም ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«ሳመሽ ቆመሽ ስትጠብቂኝ ማየት አልቻልኩም። ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ እቴቴ ቆማለች፣ እቴቴ አልተኛችም እያልኩ ወሬው አይጥመኝም። ስገባ ያ ዓይንሽ ነው የሚቀበለኝ። አንድ ቀን እንኳ ምን አደረግክ ብለሽኝ አታውቂም፤ ግን በገዛ ቤቴ ጥፋተኛ ሆኜ ነው የምገባው። የቀዘቀዘ በልቼ ልተኛ፣ ምናለበት? ሰለቸኝ።»

«ሰለቸኝ አልክ?»

«እንደሱ ለማለት ሳይሆን...»

«አይ፣ ብለሃል። ሰምቻለሁ።»

አላለቀሰችም። ምድጃው ላይ የነበረውን ድስት አወረደች፣ ክዳኑን ከደነች፣ እጇን በፎጣ አደረቀችና ወደ ክፍሏ ገባች። ወንድሟ ኮሪደሩ ድረስ ተከተላትና በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰ። ቢያንኳኳ ትከፍትለት ነበር። ትከፍትለት ነበር እኮ! አላንኳኳም።

ልብሷን በምታስርበት ቀን ሚስትየው ከሥራ ቀርታ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ማጠፍ ጀመረች፤ አስተጣጠፉን አላወቀችበትም፣ እቴቴ ከእጇ እየወሰደች ደግማ አጠፈችው።

«ማይክሮዌቩን አላስነሳውም እትዬ» አለች። «እዚያው ይሁን። አናጢውንም አትምጣ ብዬዋለሁ።»

«ወገብሽ ይቆረጣል።»

«ይቆረጥ።» ሌላ ልብስ አነሳች። «እኔ ያደግኩት ማንም ለማንም ቆሞ በማይጠብቅበት ቤት ነው። እርስዎ ለሱ ብለው ሲያሞቁ ለኔም ይተርፈኝ ነበር።»

እቴቴ እጇ ላይ ያለውን ቀሚስ ጭኗ ላይ ጣለችው። ንዴቱ አሁን ነው የመጣባት፣ ያ ሁሉ ቀን የት ተደብቆ እንደቆየ እንጃ።

«ምነው አንቺ በሆንሽ! ምን ነበረበት ጥፋቱ ያንቺ ቢሆን? አንቺ ባዳ ነሽ። ባዳ አስወጣኝ እላለሁ፣ እረግምሻለሁ፣ ይወጣልኛል። አሁን ለአክስቴ ምን ልበላት? ያሳደግኩት ሰለቸኝ አለ ልበላት? በየት አፌ?»

ሚስትየው ዓይኗን ሳትሰብር፣ «እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት ይበሏቸው» አለች። «ሚስቱ ናት ይበሉ። ግድ የለም።»

«ስምሽ ይጠፋል እኮ።»

«ይጥፋ። ከዘመዶቻችሁ ማን ያውቀኛል?»

ሻንጣውን ለመዝጋት አብረው ተጫኑት።

አክስት ቤት በደረሰች ጊዜ አሮጊቷ ሻንጣውን አይታ፣ ፊቷንም አይታ፣ «ምነው ልጄ? ማን ነካሽ?» አለቻት። እቴቴ ሻንጣውን በሩ ላይ አስቀመጠች።

«ሚስቱ ናት» አለች።

«ድሮም አላማረችኝም! ያ የዋህ ልጅማ ምን ያድርግ፣ አስሮ አይዛት ነገር! እጇ ይሰበር! ማጀቷ ይፍረስ! እንዳንከራተተችሽ ትንከራተት!»

እቴቴ አንገቷን ደፍታ፣ «አሜን» አለች።