የተጣሉት ሁለት ምሁራን

የእህቴ ልጅ ለዶክትሬቷ የምታጠናው፣ ሰው «እኛ» ሲል ራሱን ከእነማን ጋር እንደሚቆጥር ነው። እንዲህ ብዬ ስነግራችሁ ቀላል ይመስላል እንጂ በዚህ ላይ የተጻፈው መዓት ነው። ሁሉንም አንብባ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ከማን እንደሚለይ በአንድ ምዕራፍ ማሳየት አለባት። ሰኞ ካላስረከበች ደግሞ ትምህርቷ እዚያው ላይ ይቆማል።

እኔ ዘንድ ከገባች ወዲህ አንድም ጓደኛ ደጃችንን አንኳኩቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ በሯን ዘግታ ታነባለች። እኔም ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ከሬዲዮ በቀር የሚያወራኝ የለም። እናላችሁ፣ እራት ስንቀርብ ያነበበችውን እንድታወራኝ አስለመድኳት። ከሁሉ የያዙን ሁለት ሴት ምሁራን ናቸው። አንዷ፣ የሰው ማንነቱ ሌሎች የመደቡበት ቦታ ነው፣ የትም ቢሄድ አያመልጠውም ትላለች፤ እሷን «ጨካኟ» አልናት። ሌላዋ ከብዙ ዓመት በኋላ ተነሥታ፣ የለም፣ ሰው የሚቆጠረው የእኔ ናቸው ካላቸው ጋር ነው አለች፤ እሷ «ደጓ» ሆነች።

«ዛሬስ ተስማሙ?» እላታለሁ።

«ምን ይስማማሉ! ደጓ ልክ ልኳን ነገረቻት።»

እንሥቃለን። ምዕራፉም የቆመው በእነሱ ጠብ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ ይዤላት ብገባ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ምነው የኔ እናት፣ ምን ሆንሽ?»

«አንድ ናቸው፣ አክስቴ።»

«እነማን?»

«ጨካኟና ደጓ። አንዲት ሴት ናት። የመጀመሪያውን በአባቷ ስም ጻፈች፤ ከዚያ አገባችና ሁለተኛውን በባሏ ስም። ራሷ በአንድ ቃለ ምልልስ ስትናገር አሁን አገኘሁት።»

በእኛ አገር ሴት ብታገባ የአባቷን ስም አትጥልም፤ እንዴት ብላ ትጠርጥር? እኔ ግን ሣቄ አመለጠኝ።

«ታዲያ አንዲትን ሴት ከራሷ ጋር ስታጣዪ ነዋ የከረምሽው!»

«አትሣቂብኝ!»

«እሺ፣ ይቅር በይኝ። አማካሪሽስ ያውቃሉ?»

«አላወቁም። አንብበው ጥሩ ነው ብለዋል።»

«እንግዲያ ዝም በያ! ዐርፈሽ አስረክቢ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አክስቴ፣ እኔ እኮ ከሁለቱ ጋር ነበር የምኖረው። ሲከራከሩ መሃላቸው የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷም ብቻዋን ነበረች፤ የምትመልሰው ለራሷ ነው።»

እኔንም አንዷ የሞተችብኝ ያህል ተሰማኝ፤ ግን ለእንዲህ ያለው ማን ሰው ያጽናናል?

ፊቷን ታጥባ መጣችና ስልኳን አነሣች። «ዶክተር፣ ምዕራፉ ላይ ትልቅ ስሕተት አለ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ከወዲያ የሚሉትን አልሰማሁም። እሷ «አዎ... አዎ... ይገባኛል» ትላለች።

«ምን አሉ?» አልኳት ስትዘጋ።

«እሳቸውም እንዳላዩት ነገሩኝ። ቀኑን ማራዘም ግን በእጃቸው አይደለም። እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ፤ ለሰኞ የደረሰውን ያህል አስረክባለሁ። ካልበቃም አልበቃም።»

ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠችና ኮምፒውተሯን ከፍታ የሁለቱን ጠብ ከላይ ጀምራ ታጠፋው ጀመር። ልወጣ ስል፣ ዘወር ሳትል፣ «አትሂጂ» አለችኝ። «አላወራሽም። ብቻ ተቀመጪ።»

ወንበር ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ፊደሉ እየተለቀመ ሲጠፋ አያለሁ። የምናወራው አልነበረንም።