ለእፀገነት ትምህርት ቤት ስፈልግ

ሸክላ የሚገዛ ሰው ማሰሮውን አንሥቶ በጣቱ አጥንት ኳ ኳ ያደርገዋል። ድምፁ ከጠራ ይገዛዋል፤ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት ብሎ ያስቀምጠዋል። እኔ እታገኝ አርባ ዓመት ሸክላ ስሠራ ኖሬያለሁ። በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ግን ስጨነቅ የሰነበትኩት፣ ትምህርት ቤትን ምን ላይ ኳ ኳ አድርገው እንደሚያውቁት ነበር።

የልጅ ልጄ እፀገነት ዘጠነኛ ክፍልን በመንፈቁ ትታ መጣች። መሸኛዋን አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

ሰው የማያውቀን አገር ብዬ ወንዝ አሻግሬ የላክኋት እኔው ነበርኩ። «የእኛን ሥራ አታንሺ፤ ገበሬ ነን በይ» ብዬ የመከርኳትም እኔ። ሁለት ወር ደህና ቆየች። ከዚያ ከእኛ ገበያ የሄደ አንድ ነጋዴ መንገድ ላይ አገኛትና «አያትሽ ዛሬም ሸክላ ይሠራሉ?» አላት፤ ቤት አብረዋት የተከራዩት ልጆች እየሰሙ። ከትምህርት ስትመለስ ስንቋ፣ በሶዋም ዳቦዋም፣ ከነከረጢቱ ደጅ ተቀምጦ አገኘችው። የሰደባት የለም። የጠየቃትም የለም። እስከ ፈተና ድረስ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

«አንድ ትምህርት ቤት ልሞክር» አለችኝ። «እርስዎ ይፈልጉልኝ። እዚያም እንዲህ ከሆነ ከጠጄ ጋር አዲስ አበባ ሄጄ ሰው ቤት እገባለሁ። አበቃ።»

ጠጄ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ለሰው ቤት ሥራ ከሄደች ሁለት ዓመቷ፣ ከስታ ነው ለጥምቀት የመጣችው። እፀገነት አሥራ ስድስት ዓመቷ ቢሆንም አንዴ ካለች አለች ነው።

በማግስቱ ከጎረቤት ነጠላ ተዋስኩ። ጥፍሬ ውስጥ የቀረውን ጭቃ በእሾህ ፈለቀቅሁ። በሶ ቋጥሬ፣ ውርጩ ሳይለቅ ተነሥቼ መሐል ሜዳ ገባሁ፤ ከእኛ ሠፈር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ መሳፍንት ይባላል። ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ፣ ፕላዝማ ገብቶልናል። ቤተ መጻሕፍትም አለን።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ምን?»

«አብረው ይበላሉ?»

ሳቀ። «እኛ እናስተምራለን እንጂ ድግስ አንደግስም እኮ፣ እማማ!»

«ሰው ይለያሉ ወይ ማለቴ ነው።»

«በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ መለየት ክልክል ነው» ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ አሳየኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩት ፊደል አልጠፋኝምና ተነሥቼ እስከ ታች አነበብኩት።

«በእጅ ሥራስ?» አልኩት።

ሳቁን ተወው። እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየ።

«አልዋሽዎትም፣ እማማ። ግቢው ውስጥ እኔ አለሁ። ከአጥሩ ውጭ፣ ኪራይ ቤት ገብተው ምን እንደሚባባሉ አላውቅም። ሄደው ይዩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወይዘሮ በዛወርቅ ግቢ ሦስት ልጆች ተከራይተዋል፤ አራተኛ ይፈልጋሉ።»

አላውቅም ማለቱ ደስ አለኝ። ደግሞም አስፈራኝ።

ልጆቹን አገኘኋቸው። ሰርካለም አፏ አያርፍም፤ ሙሉመቤት ወፈር ያለች፣ እርጋታ ያላት ናት፤ ሰብለወንጌል ደግሞ ቀጭን፣ ዝምተኛ። «የጊሼ ገበሬ ነኝ፤ የልጅ ልጄ ልትዛወር ነው» አልኳቸውና በሶውን ፈታሁ።

«እርስዎ ይጨብጡልን፣ እማማ» አለች ሰርካለም። «የሙሉመቤት ጭብጦ ድንጋይ ነው። ባለፈው ጥርሴን ሊያወልቀው ነበር።»

«የአንቺስ? በማንኪያ ነው የሚበላው!» አለቻት ሙሉመቤት።

በእነዚህ እጆቼ ጨበጥኩላቸው። ሦስቱም በሉ። ሰብለወንጌል እንዲያውም ደገመች። ስመለስ ዳገቱ አልታወቀኝም።

«አገኘሁልሽ!» አልኳት እፀገነትን ገና ከደጅ።

ማን ምን እንዳለ፣ ማን ቀድማ እንደበላች አንድ በአንድ አስነገረችኝ። ከዚያ፣ «እምዬ፣ ሥራዎን ነገሯቸው?» አለች።

በሶ የቋጠርኩበትን ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ።

«እንግዲያው የበሉት ከገበሬዋ እጅ ነው። ከእርስዎ እጅ አይደለም።»

«ቀስ ተብሎ ይነገራቸዋላ፣ ልጄ። መጀመሪያ ይውደዱሽ…»

«እነዚያም ወደውኝ ነበር» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን አብረን ሄድን። አንድ ቃል እንዳልተነፍስ መንገድ ላይ አስማለችኝ። ልጆቹ ግቡ ሲሉን እሷ በሩ ላይ ቆመች።

«አያቴ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ወንዱ አያቴም ቀጥቃጭ ነበሩ። ጠይብ የምትሉት እኛን ነው። ባለፈው የበላችሁት በሶ በእሳቸው እጅ የተጨበጠ ነው። መሸኛዬን ገና አላስገባሁም፤ ካልፈለጋችሁኝ አሁን ንገሩኝ።»

ሰብለወንጌል ተነሣች። እንዳትነካኝ ነጠላዋን ወደ ራሷ ሰብስባ በአጠገቤ ወጣች። ሙሉመቤት ሆዷን ያዝ አደረገች።

«ሦስት ቀን ሆነው እኮ» አለች ለራሷ። «ምንም አልሆንኩም።»

ሰርካለም እፀገነትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ሰው ትበያለሽ ማለት ነው?»

«ይሉናል።»

«እስቲ የሒሳቡን መምህር ብይልን። ሐሙስ ሊፈትነን ነው።»

መሐላዬን አፍርሼ ልጮህባት አፌን ስከፍት፣ እፀገነት፣ «ወፍራም ነው?» አለች።

«ኧረ አጥንት!»

«አጥንት አልወድም።»

ሙሉመቤት ሳቋ አመለጣት። የእኔም ልጅ ሳቀች፤ ከመጣች ጀምሮ ጥርሷን ያየሁት ያን ዕለት ነው። እኔ ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። እጅጌዋን ጎተት አደረግሁት።

«አንዷ ወጥታለች። ነይ እንመለስ።»

«እዚያ ሁሉም ነበሩ፣ እምዬ። እዚህ አንድ ናት» አለችኝና ጋቢዋን ጥግ ላይ ዘረጋችው። «ይሂዱ፣ ይመሽብዎታል።»

ስወጣ ሰብለወንጌል አጥሩ ጥግ ቆማለች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎት ይቆጡኛል?»

«እቆጣ ይሆናል። ጠይቂ።»

«እናቴ… ሰው ሲተኛ ጅብ ይሆናሉ ትላለች። እውነት ነው?»

ስልሳ ሦስት ዓመት ከጀርባዬ ሲባል ሰምቻለሁ። ፊቴ ቆሞ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ልቆጣት ቃጣኝ። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። የምሯን ነው፤ ማወቅ ፈልጋለች።

«ልጄ» አልኳት፣ «እኔ ወገቤን ያመኛል፤ ከመኝታዬ የምነሣው ግድግዳ ተደግፌ ነው። ጅብ መሆን ብችል ያን ሁሉ ዳገት በሁለት እግሬ እወጣው ነበር?»

አልሳቀችም። አሰበችበት።

«እሷስ?»

«እሷን ጠይቂያት።»

«ብትቆጣስ?»

«ትቆጣለች፤ የእኔ ዘር ናት። ግን ትመልስልሻለች።»

ጥቂት ቆማ ገባች። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ መሄድ ነበረብኝ። እግሬ እምቢ አለኝ። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ አስመስዬ አጥሩ ሥር ጎንበስ አልኩ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። የሰብለወንጌል ድምፅ ተሰማኝ።

«እፀገነት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂ» አለች የእኔ ልጅ። «በመጀመሪያ ግን በሩን ዝጊው፤ እምዬ አጥሩ ሥር ናቸው።»

በሩ ተዘጋ።

መሸኛዋን በማግስቱ እንዳስገባች ሰማሁ። ምን ተጠይቃ ምን እንደመለሰች ግን፣ ስንቴ አባብዬ ብጠይቃት፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።