የቡና ጭራሮ

ሻሽቱ ቡሬ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ወለል ላይ ተቀምጣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስትለቅም አሥራ ስድስት ዓመት ኖረች። መልቀሚያ ማሽን ሲመጣ ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ቀን ተሰናበቱ። እሷም ማሽን ካስወጣኝ እኔም ማሽን እይዛለሁ ብላ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ መቱ ገብታ ብየዳ ለመማር ተመዘገበች።

ማሠልጠኛው ሁለት የብየዳ ማሽን ነበረው፤ ሁለቱም ሸራ ለብሰው ይውላሉ። አሠልጣኙ ጋሼ ፈንታሁን ቆጣቢ ሰው ነው። ቀልጦ ብረት ከብረት የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ለእንግዳ ነው ብሎ ካርቶኑን ሣጥን ውስጥ ቆለፈበትና፣ ለሠልጣኞቹ በኤሌክትሮድ ልክ የቡና ጭራሮ ቆርጦ አደላቸው። አሥር ወር ሙሉ ዓይናቸውን በጥቁር መስታወት ጋርደው ጭራሮ በብረት ላይ ጎተቱ። እንግዳ ሁለቴ መጣ። ሁለቴም የበየደው ጋሼ ፈንታሁን ነው፤ እነሱ አጨበጨቡ።

ከምዘናው በፊት የሚፈረም ቅጽ መጣ። በማሽን ሁለት መቶ ሰዓት ተለማምጃለሁ ይላል። ሻሽቱ ብዕሩን ይዛ ዘገየች። አጠገቧ የተቀመጠችው ቢሊሴ፣ ሳንፈርም ቀርተን ጋሼን በሰው ፊት እናዋርዳቸው ወይ ብላ ሹክ አለቻት። የሻሽቱ እናት የሞተች ጊዜ ድንኳኑን ተሸክሞ የመጣ እሱ ነበር። ፈረመች።

በምዘናው ቀን ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣበቀባት። ብታላቅቀው መልሶ ተጣበቀ። በሦስተኛው ስትጎትት ብረቱም አብሮ ተነሣ። ከአሥራ አራቱ ሠልጣኞች አሥራ ሁለቱ ወደቁ። ሻሽቱ ማሽን ነክተን አናውቅም ብላ ለመዛኙ አቤት አለች። መዛኙ ወጣት ነው፤ ቅጹን ገልጦ አሳያት።

«ይህ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ።»

ቅጹን አጠፈው። ሌላ አልጠየቃትም።

ጋሼ ፈንታሁን ደጅ ላይ አግኝቷት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ከሦስት ወር በኋላ ትደግሚያለሽ፣ የቀረሽ እጅ ማፍታታት ብቻ ነው አላት። ፊቷ ነደደ።

«በምን ላፍታታው? በጭራሮ?»

«እንግዳ ቢመጣብኝስ፣ ልጄ?»

«እናቴን ቀብረውልኛል፤ አልረሳሁም። ስለዚያ ብዬ ዋሸሁልዎ። ሁለተኛ አልዋሽም። ቁልፉን ይስጡኝ።»

የወደቁት ሁሉ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። ሰውየው አያቸውና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ካርቶኑ ሲከፈት ሻጋታ ሸተተ። የመቱ ዝናብ እንግዳ አልጠበቀም፤ ኤሌክትሮዶቹ እርጥበት ጠጥተው የግማሾቹ ሽፋን እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ጋሼ ፈንታሁን አንዱን አነሣ። በእጁ ላይ ተፈረፈረ።

ሻሽቱ መሬት ተቀመጠች። ጣቶቿ የለመዱትን ሠሩ፤ የረገፈውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ ለየች። ከዚያ ጭራሮዎቹን ከየወንበሩ ሥር ሰብስባ ደጅ ከመረችና ክብሪት ጫረች። በላያቸው ቆርቆሮ ጣደች፣ ደህናዎቹን ኤሌክትሮዶች ደረደረችበት።

«ቢሊሴ፣ ሸራውን ግፈፊው» አለች። «እነዚህ እስኪደርቁ ማሽኑን እናጽዳ።»