የበራፋችን ሰንበሌጥ

ባሌ ቀለም ቀቢ ነው። ግድግዳ ቢሰነጠቅ ይቀባዋል፣ በር ቢበሰብስ ይቀባዋል። እኔ የተረፍኩት ስለምጮህ ነው።

በራፋችን ላይ ሰንበሌጥ የተከልኩት እኔ ነኝ። የአገር ሣር ነው፤ ውሃ አምጪ፣ ማዳበሪያ ግዢ ብሎ አያስቸግርም። ዝናብ ሲያቆም ወርቃማ ይሆንና ዛላው በነፋስ ሲወዛወዝ ዓይን ያሳርፋል። ዘሩን ለቅመው ያጭዱታል፣ በክረምት መልሶ ይበቅላል። ይህን ለባሌ ስንቴ ነገርኩት፤ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል።

የልጃችን እጮኛ እናት ሊያዩን ይመጣሉ ሲባልማ ባሰበት።

"ደርቋል እኮ። ባለቤት የሌለው ቤት ይሉናል። ልንቀለው።"

"ከነቀልከው እኔንም አብረህ ንቀለኝ" አልኩት።

ዝም አለ። ባሌ ዝም ሲል መጠርጠር ነበረብኝ። ልጄን ደግሞ ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ጋራዥ ነው የምሠራው እንዳትይ። ቢሮ በይ" አላት። እጮኛዋን እንዳታጣው ፈርታ እሺ አለች።

በቀጠሮው ቀን ከገበያ ስመለስ ሰንበሌጤ አረንጓዴ ሆኗል። የመስኮት ብረት በሚቀባበት ቀለም አንድ በአንድ ለቅልቆታል፣ ብሩሹም ገና በእጁ ነው።

"ለዛሬ ብቻ ነው" አለ።

ልክ ልኩን ልነግረው አፌን ስከፍት እንግዳዋ ከኋላዬ ደረሱ፤ ዋጥኩት።

ሴትዮዋ ችግኝ ጣቢያ ነው የሚሠሩት። ልጄ ስለ ሣሩ አውርታላቸው ኖሮ፣ ቤት ሳይገቡ ዘር ሊለቅሙ ዛላውን በመዳፋቸው ሰበሰቡት። መዳፋቸው አረንጓዴ ሆነ።

ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ከውጭ የመጣ ዝርያ ነው።"

"እጅ ላይ የሚለቅ ዝርያ እንኳ ገጥሞኝ አያውቅም" አሉና በር ላይ ወደ ቆመችው ልጄ ዞሩ። "አንቺንስ ቀብቶሻል?"

የፈሩት ይደርሳል። ልጄ አባቷን አየችው፣ ከዚያ ከጀርባዋ ደብቃቸው የነበሩትን እጆቿን አወጣች። ጥፍሮቿ ሥር ሁለት ቀን ታጥቦ ያልለቀቀ የሞተር ዘይት አለ።

"ቀብቶኛል" አለች። "ቢሮ አይደለም፣ ጋራዥ ነው የምሠራው።"

ሴትዮዋ በዚያ አረንጓዴ መዳፋቸው እጇን ጨበጡት።

"እንግዲያው ቀለም የሚያስለቅቅ ነገር አታጪም። በይ ምራቴ፣ እጄን አስለቅቂልኝ።"

ሣሩን ባሌ ራሱ አጨደው፤ ማጭዱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ክረምት ሲገባ ሰንበሌጤ ማንም ብሩሽ ሳያነሳ አረንጓዴ ሆነ። ባሌ በዚያ በኩል ሲያልፍ አሁንም ፊቱን ያዞራል።