ሁለት ከሁለት

እትዬ ሳጥን ለማንኳኳት ያነሳችውን እጇን መለሰችው። በሩ ላይ፣ ከቁልፉ ቀዳዳ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በነጭ ጠመኔ «2/2» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ከሁለት ወር በፊት የነበረው የዘመቻ ቀን አለ፤ ከቀኑ አጠገብ ደግሞ ጅራቷ ወደ ላይ የተጠቀለለች ፊርማ። ፊርማዋ የራሷ ናት፤ ቁጥሩም የራሷ ነው። የኮሪደሩ ጣሪያ ከዝናብ ስለከለለው አንድም መስመር አልደበዘዘም። ደብዝዞ ቢጠብቃት ምንኛ በወደደች።

የምልክቱ ነገር ቀላል ነው። የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሲኖር ክትባት ሰጪዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ። አንድ ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆች ካሉና ሁለቱም ከተከተቡ፣ በሩ ላይ ሁለት ከሁለት ተብሎ ይጻፋል። ሦስት ኖረው አንዱ ካልተገኘ ሁለት ከሦስት ይባላል፤ ያን አንዱን ፍለጋ ተመልሶ መምጣት ግድ ነው። ሙሉ ቁጥር የተጻፈበትን በር ግን ማንም ዳግመኛ አያንኳኳም።

ዛሬ ጠዋት ከጤና ጣቢያው የደረሳት ወረቀት ከዚህ ቤት የሦስት ዓመት ልጅ በኩፍኝ ታማ ሆስፒታል መተኛቷን ይናገራል። የቤት ቁጥሩን ስታነብ የጸሐፊው ስህተት መስሏት ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችው። ስህተት አልነበረም። የጋሽ ጠመኔ ቤት ነው።

ጋሽ ጠመኔ ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው የድሮ አለቃዋ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ከኮታቸው ኪስ ጠመኔ ጠፍቶ ስለማያውቅ የኪሱ አፍ እንደነጣ ቀርቶ ነበር። ለእሷ «እትዬ ሳጥን» የሚለውን ያወጡላት ደግሞ ልጆች ናቸው። ሰማያዊዋን የክትባት ሳጥን በትከሻዋ አንግታ ብቅ ስትል «እትዬ ሳጥን መጣች!» እያሉ አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። እነዚያ ልጆች አሁን ጢም አውጥተው፣ የራሳቸውን ልጆች ከአልጋ ሥር እየጎተቱ ያቀርቡላታል።

«ግቢ እንጂ! በር ስታዪ ልትውዪ ነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «እግርሽን ሰምቼዋለሁ። እንደ ድሮሽ ቀኙን ትጎትቺዋለሽ።»

ገባች። ክፍሉ እንደነበረ ነው። ግድግዳው ላይ ሕፃን ያቀፈች እናት ያለችበት የዱሮ የክትባት ፖስተር ዛሬም አለ፤ ቀለሙ ነጥቶ የእናቲቱ ፊት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጋሽ ጠመኔ ያበጠ ጉልበታቸውን በፎጣ ጠቅልለው በርጩማ ላይ ዘርግተውታል።

«እንዴት አደሩ ጋሼ? ልጅቷስ?»

«ትኩሳቱ ወርዶላታል። እናቷ ጠዋት ደውላ ነበር፤ ወተት ጠይቃ ጠጣች አለችኝ። ሳንባዋን ግን ገና እያዩት ነው።» ሳጥኗን በዓይናቸው መዘኑት። «ባዶ ናት?»

«የዐሥር ልጅ ክትባት ይዣለሁ። ኩፍኝ ወዳለበት ሰፈር ባዶ ሳጥን ይዞ መሄድ መቼ አስተማሩኝ?»

ፈገግ አሉ። እሷም ፈገግ አለች። በዚያች ፈገግታ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰች።

በመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ጋሽ ጠመኔ በኪሳቸው ከያዟት የጉሮሮ ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ጠመኔ አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላትና፣ «ይቺ ከመርፌው ትበልጣለች» አሏት። «መርፌ የሚያድነው አንድ ልጅ ነው። ይቺ ከዋሸች ግን ሰፈር ትፈጃለች። ያልገባሽበትን በር እንዳትጽፊ።» ያኔ ስምንት ነበሩ። ጠዋት በረዶውን ሳጥናቸው ውስጥ ደርድረው፣ እየተሳሳቁ፣ እየተሳደቡ ይወጣሉ፤ ቀትር ላይ የጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ተደርድረው ዳቧቸውን በሻይ ይነክራሉ። ጋሽ ጠመኔ ውኃ ቢቀርብላቸው እንኳ የቤቱን ልጆች ሳይቆጥሩ አይጠጡም። አንዲት እናት «ልጄ ተኝቷል» ካለቻቸው፣ «እንግዲያው እስኪነቃ እንጨዋወታለን» ብለው ደፍ ላይ ይቀመጣሉ። ባልና ሚስት አስታርቀው፣ የተበላሸ ራዲዮ ጠግነው፣ ልጁንም ከትበው ይወጣሉ። ደመወዙ ያው ከእጅ ወደ አፍ ነበር። እትዬ ሳጥን ግን እንደዚያን ዘመን ጠግባ የሳቀችበት ጊዜ ትዝ አይላትም። ናፈቃት። ደረጃው ራሱ ናፈቃት።

ከስምንቱ ዛሬ የቀሩት ሦስት ናቸው። ለእነሱም የሚከፍለው ፕሮጀክት በዚህ ወር መጨረሻ ሊዘጋ ነው።

ታብሌቷን ከፍታ የምርመራውን ቅጽ መሙላት ጀመረች።

«ከዚህ በፊት የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች?»

«አልወሰደችም። እሷና እናቷ በነበሩበት ከተማ ክሊኒኩ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። በጀት የለም ተብሎ።»

«እዚህ ቤት የመጣችው መቼ ነው?»

ጋሽ ጠመኔ የጉልበታቸውን ፎጣ ፈተው እንደገና ማሰር ያዙ። በዚህ መሃል ስልኳ ጠራ። ኃላፊዋ ነው፤ በዕድሜ ታናሿ፣ ደግ ግን ጥድፊያ የማይለቀው ሰው።

«እትዬ፣ ደረስሽ? ልጅቷ ከሌላ ከተማ የመጣች ናት አሉ። መቼም ከዘመቻው በኋላ ነው የምትሆነው?»

«ገና እየጠየቅኩ ነው።»

«ከዘመቻው በኋላ ከሆነ እኛን አይመለከትም፤ ከሌላ ቦታ የመጣ በሽታ ተብሎ ይዘጋል። ነገ ጠዋት እኮ ፊርማሽ ነው። ቦታውን የሰጡሽ ያንን የዘመቻውን ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ሽፋንሽን አይተው ነው። እንግዲህ ቶሎ ላኪልኝ።»

ቦታው የክትባት አስተባባሪነት ነው፤ ከሚዘጋው ፕሮጀክት የተረፈ አንድ ብቸኛ ቋሚ ቦታ። ባሏ ሹፌር ነው፤ ወገቡን ካመመው ወዲህ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው። ልጇ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው እሑድ ልብስ እያጠፈች፣ «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ይሄን ተምሬ ሥራ አገኛለሁ?» ብላት ነበር። እትዬ ሳጥን ያኔ የመለሰችው በዚሁ በነገው ፊርማ ተማምና ነው።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ጋሽ ጠመኔ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ከዘመቻው በኋላ መጣች ብለሽ ጻፊ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«እውነት ነው?»

«ጻፊ አልኩሽ።»

«ጋሼ፣ እውነት ነው ወይ?»

«ዘመቻው ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው ነው የመጡት።»

«ያን ቀን እዚህ ነበረች ማለት ነው።»

«እዚያ አልጋ ላይ። ከእኔ ጋር ተኝታ።»

እትዬ ሳጥን ታብሌቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድም ሳይቀር መጣባት። የዘመቻው መጨረሻ ቀን ነበር፤ አንዱ ባልደረባዋ ታሞ፣ ሌላዋ ወደ ሌላ ሰፈር ተልካ፣ ይህን ሁሉ በር ለብቻዋ ይዛ ቀርታለች። እዚህ ደፍ ላይ ስትቆም ከውስጥ የጋሽ ጠመኔን ማንኮራፋት ሰማች። በዚህ ቤት የሚኖሩትን መንትያ የልጅ ልጆቻቸውን በዚያው ሳምንት በመዋዕለ ሕፃናቸው በገዛ እጇ ከትባቸዋለች። ሽማግሌውን ከቀትር እንቅልፋቸው መቀስቀስ ነውር መሰላት። ደግሞስ የጋሽ ጠመኔን ቤት ማን ይጠራጠራል? ሁለት ከሁለት ብላ ጽፋ አለፈች።

«መጥቼ ነበር» አለች። «ማንኮራፋትዎን ሰምቼ ሳልገባ ጻፍኩ።»

«አውቃለሁ። ስነሳ አየሁት።»

«አዩት?»

«ጠመኔ የማላነብ መሰለሽ እንዴ?»

«ታዲያ ስልኬ ነበረዎት እኮ ጋሼ!»

«ደውዬ ምን ልበልሽ? ያልገባሽበትን በር ጻፍሽ ልበልሽ? እንደ ልጄ የማይሽን?» ድምፃቸው ሻከረ። «ራሷ አስታውሳ ትመለሳለች ብዬ ሳምንት ጠበቅኩ። ከዚያ ጉልበቴ ሲሻለኝ እኔው እወስዳታለሁ አልኩ። እናቷ እንደሆነች አባቴ እያለ ምን አገባኝ ብላ ትታልኛለች። ሌላ አያት ቢሆን በጎረቤት ያስወስዳት ነበር። እኔ ግን ጤና ጣቢያ ስትደርስ ‹ቤታችሁ እኮ ሙሉ ተብሎ ተጽፏል፣ ማን ነው የጻፈው?› እንዳይሉ ፈራሁ። አንቺን አላዋርድም ብዬ… ልጅቷን…»

አልጨረሱትም። ፎጣውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። እትዬ ሳጥን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጋሽ ጠመኔ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ የት እንደምታይ ጠፍቷት ፖስተሩ ላይ አፈጠጠች። ተናዳባቸው ነበር፤ ልታቅፋቸውም ፈለገች። ከሁሉም በላይ ግን አፈረች።

«ተከባብረን ልጅቷን ረሳናት» አለች በመጨረሻ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን እንግዲህ። ልጅቷ ትድናለች። አንቺ ደግሞ ነገ ፈርሚ። አንዲት ቀን ናት የምትጽፊው። እኔ ‹ከዘመቻው በኋላ መጣች› ካልኩ ማን ይጠይቀኛል?»

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አይጠይቃቸውም። እትዬ ሳጥን ጣቷን ታብሌቱ ላይ አድርጋ አሰበች። ከዘመቻው በኋላ ብትል የሰፈሩ ምርመራ ይዘጋል፤ በዚህ ኮሪደርና ከዚያ በላይ ባሉት ፎቆች ሙሉ ቁጥር የተጻፈባቸውን ዐርባ በሮች የሚያንኳኳ አይኖርም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጻፈችውን አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረች። አረንጓዴው በር ትዝ አላት፤ ሕፃኑ ነክሷታል። የልብስ ሰፊዋም ቤት ትዝ አላት። ሌሎቹስ? ከመጋረጃ ጀርባ «የኛዎቹ ተከትበዋል» ያለቻት ድምፅ የማን ነበረች? ገብታ ነበር ወይስ ድምፁን አምና ጻፈች? ስምንት ሆነው ሲዞሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሳም ነበር። አንዷ ብትደክም ሌላዋ ትገባለች፤ ሁሉም ቢደክማቸው ጋሽ ጠመኔ ደፍ ላይ ይቀመጣሉ።

ቀኑን ጻፈችና ላከችው።

«ምን ጻፍሽ?»

«የመጣችበትን ቀን።»

ጋሽ ጠመኔ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቆጧት ወይ ይመርቋት ያለየላቸው ይመስሉ ነበር።

ተነሥታ ከማጠቢያው ላይ ጨርቅ አራሰች። «ጠመኔ አለዎት?»

ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። እጃቸውን ኪሱ ሰደዱና ያችኑ የከረሜላ ቆርቆሮ አወጡ፤ ጠርዟ ዝጓል፣ ክዳኗ ግን እንደ ድሮው ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ውስጧ ሦስት ስብርባሪ ጠመኔ አለ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማን እንደማስቀምጠው ሳላውቅ ነው ያስቀመጥኩት» አሉ።

በሩን ከውጭ ዘጋችና ሁለት ከሁለቱን ጠረገችው። እንጨቱ እስኪደርቅ ጠብቃ «2/3» ብላ ጻፈች። ፊርማዋን ስታስቀምጥ ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ፣ ቀኑን ተሳስተሻል መሰለኝ።»

«አልተሳሳትኩም። ልጅቷ እዚህ ነበረች፤ እኔ ነኝ ሳልገባ የጻፍኩት። ዐርባ ልጅ የሚበቃ ክትባትና ሁለት ሰው ላክልኝ።»

«ሁለት ሰው ከየት አመጣለሁ? የነገውስ ፊርማ?»

«የነገውን ነገ። ሰው ካጣህ ራስህ ና።»

ዘጋችው። ስልኩን ኪሷ ከተተች። ማታ ለባሏ ምን ብላ እንደምትነግረው አላወቀችም፤ ለልጇ ግን የምትነግራት ያላት መሰላት።

ጋሽ ጠመኔ በአንድ እግራቸው እያነከሱ በሩ ድረስ መጥተው፣ መቃኑን ተደግፈው ቆመዋል። የተጻፈውን አነበቡት።

ቀጥሎ ያለው በር ላይ «1/1» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑ ያችው ጅራተ ጥቅልል ፊርማ አለች። ከውስጥ ሕፃን አንድ ነገር እየጎተተ ሲሮጥ ይሰማል። እትዬ ሳጥን የዚህን ልጅ ፊት ለማስታወስ ቆመች። አልመጣላትም።

«ውኃ ቢሰጡሽ» አሉ ጋሽ ጠመኔ ከኋላዋ፣ «ሳትቆጥሪ እንዳትጠጪ።»

የሳጥኗን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። እርጥቡን ጨርቅ አንስታ አንድ ከአንዱን ጠረገችና አንኳኳች።