በየሰሌዳው አንድ ጊዜ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊጥ ማቡካት የጀመረችው ዊብከ ሃርምስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎንበስ ብላ የልጇን የሄልሜት ማሰሪያ ታጠብቅ ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል አረፍ ያለችበት ጊዜ አልነበረም። ከዳቦ ቤቱ ወጥታ ልብስ አጥባለች፤ ልጇን ከትምህርት ቤት ተቀብላለች፤ የጠፋ የዋና ልብስ ፈልጋ ከአልጋ ሥር አውጥታለች። ጣቷ የማሰሪያውን ዘለበት ሁለት ጊዜ ሳተው።

«እማዬ፣ አገጬን ቆነጠጥሽኝ» አለች ፌንያ።

«ይቅርታ። አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ አንገቴን።»

«እንግዲያው በደንብ ታስሯል ማለት ነው።»

ፌንያ ስምንት ዓመቷ ነው። በመጋቢት ወር አሮጌዋ መኪናቸው ዓመታዊውን ምርመራ ወደቀች፤ ማስጠገኛውም ከመኪናዋ ዋጋ በለጠ። ያን ሰሞን ዊብከ ከራሷ ሟች አባት በወረሰችው ሞተር ሳይክል ላይ ልጅቷን አስቀምጣ እግሮቿን አየች። ሁለቱም ጫማዎቿ የእግር ማረፊያውን ሙሉ ለሙሉ ረግጠው ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ፌንያን ወደ አባቷ ወደ ኤኖ ማድረስ አለባት፤ መንገዱ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው። በአውቶቡስ ቢሆን ሦስት ጊዜ መቀያየርና አራት ሰዓት መንገላታት ይጠይቃል።

ኤኖ የተስማማው እየከበደው ነው። ከሞተር ኋላ የሚቀመጥ ልጅ ምን እንደሚያሰጋው ያውቃል፤ የሞተሩ ድምፅና የሄልሜቱ ሙቀት እሹሩሩ ይለዋል፣ ክንዱ ይላላል፣ ይተኛል። ስለዚህ ከተለያዩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው፣ አምስት ነጥብ ያለው ደንብ ጻፉ። ዝናብ ካለ ጉዞ የለም። እኩል መንገድ ላይ እረፍት አለ። ከሁሉም በላይ የተጨነቁበት ግን ሦስተኛው ነጥብ ነበር። የመንደር ስም የተጻፈበት ቢጫ ሰሌዳ በታለፈ ቁጥር ፌንያ የእናቷን ጀርባ አንድ ጊዜ ታንኳኳለች፤ እናቷም በግራ እጇ የልጅቷን ጉልበት ጨበጥ አድርጋ ትመልሳለች። አንድ ማንኳኳት ከቀረ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል። በመንገዱ ላይ አሥራ አንድ መንደሮች አሉ። ወረቀቱ በሁለቱም ቤት የማቀዝቀዣ በር ላይ ተለጥፏል።

ዊብከ ለደንቡ የምትጠነቀቀው ልጇን ብላ ብቻ አልነበረም። ኤኖ ከዓመት ወዲህ አንድ ሐሳብ ይዟል፤ ፌንያ ከነሐሴ ጀምሮ እሱ ዘንድ ሆና ትማር ይላል። ቤቱ የአትክልት ቦታ አለው፤ ሥራው መግቢያና መውጫው የታወቀ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ድምፁንም ከፍ አድርጎ አያውቅም። «ደክሞሻል እኮ፣ ዊብከ» ይላል ብቻ። ስለዚህ ዊብከ «ደከመኝ» የሚለውን ቃል ከአንደበቷ አውጥታው አታውቅም፤ ለሥራ ባልደረቦቿ እንኳ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። «ዓርብ እዚህ ስትደርስ እራት ሳትበላ ትወድቅና እስከ ቅዳሜ ቀትር ትተኛለች። ልጅቷ ቤት ውስጥ አትተኛም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ፌንያ ሁልጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አልጋዋ ውስጥ ናት። ዊብከ ይህንኑ ነገረችው፤ እንዳላመናትም ከድምፁ አወቀች።

ሞተሩ ተነሣ። የመጀመሪያው ሰሌዳ አለፈ፤ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ቡጢ አረፈ፤ ዊብከ የልጅቷን ጉልበት ጨበጠች። ሁለተኛው አለፈ፤ ሦስተኛው አለፈ። የሰኔ ፀሐይ አስፋልቱን አለስልሶታል። ግራና ቀኙ ገብስ ነው፤ ከገብሱ በላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፎች ለመዞር የሰነፉ ይመስላሉ። ከፊት የመጡ ሁለት ሞተረኞች ግራ እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው ሰላምታ ሰጧት፤ እሷም መለሰችላቸው። አራተኛው። አምስተኛው።

ከዚያ በኋላ ያየችው ቀይ የእህል ጎተራ ነበር።

ጎተራው የሚገኘው ከሰባተኛው መንደር ማዶ ነው። ዊብከ ወዲያው አሰበች፦ ስድስተኛው ላይ አላንኳኳችም፤ ሰባተኛውም ላይ አላንኳኳችም፤ ልጄ ተኝታለች! በዚያው ቅጽበት ሁለት ቡጢዎች ጀርባዋንና ጎኗን ይወቅጧት ጀመር። የፊት ጎማው የአስፋልቱን ነጭ የጠርዝ መስመር ረግጧል። ከመስመሩ ወዲያ ጠጠር አለ፤ ከጠጠሩ ወዲያ በረድፍ የተተከሉ ወፋፍራም ዛፎች። ፍሬን አልያዘችም፤ እጅ እንደለመደው ቀስ አድርጋ ሞተሩን ወደ መንገዱ መለሰችው፣ ማርሽ ቀነሰች፤ እንደ ወትሮው በሚያርፉበት በሂነርክ ቋሊማ መሸጫ ፊት ቆመች።

ሂነርክ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የሚያልፈውን ሞተረኛ ሁሉ አንተ፣ አንቺ ይላል።

«አለቃ! እንኳን ደህና መጣሽ!» አለ ፌንያን፤ ቋሊማውን እያገላበጠ። «ዛሬም ሹፌርሽን ሳትጥያት አመጣሻት?»

ፌንያ ሁልጊዜ በዚህ ቀልድ ትስቅ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም። ሄልሜቷን አውልቃ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ጸጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

ዊብከ ፊቷ ቆመች። «ተኝተሽ ነበር። ስድስተኛው ላይ ለምን አላንኳኳሽም?»

«አንኳኩቻለሁ።»

«ፌንያ!»

«አንኳኩቻለሁ አልኩሽ! ሰባተኛውም ላይ አንኳኩቻለሁ። ጉልበቴን ያልያዝሽው አንቺ ነሽ።»

ሂነርክ መቆንጠጫውን አስቀመጠ። ዊብከ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሌላ ጊዜም እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ?»

ፌንያ የጓንቷን ስፌት ትጎለጉል ጀመር። «ጭንቅላትሽ ወደ ታች ሲል ሰሌዳ ባይኖርም አንኳኳለሁ። ከዚያ ቀና ትያለሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ብነግርሽ ለአባዬ መንገር ሊኖርብሽ ነዋ። ወረቀቱ ላይ አለ፣ አምስተኛው ነጥብ፣ ‹ችግር ከተፈጠረ ሁለታችንም እንነጋገራለን።› ከዚያ አባዬ ደክሟታል ይላል። ከዚያ እኔ እዚያ እቀራለሁ።»

ኤኖን ያስጨነቀው የዓርብ እንቅልፍ ከየት እንደመጣ ዊብከ አሁን ተረዳች። ልጅቷ ዘጠና ኪሎ ሜትር ሙሉ የእናቷን ማጅራት ስትጠብቅ ትመጣና፣ ከሞተሩ ስትወርድ ከዘብ እንደተመለሰ ወታደር ትወድቃለች። ሁለት አዋቂ ሰዎች፣ በእያንዳንዱ ቃል ላይ እየተከራከሩ፣ አንድ ምሽት ሙሉ ደንብ አርቅቀዋል፤ አምስቱም ነጥቦች የሚናገሩት ስለ ልጅቷ ነው። መሪውን የያዘችውን ሴት ማን እንደሚቀሰቅሳት የጠየቀ አልነበረም። ያልተጻፈውን ሥራ የስምንት ዓመት ልጅ በራሷ ፈቃድ ወስዳዋለች።

ሂነርክ ጥቁር ቡና በወረቀት ኩባያ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። «ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይህን ጠጪ፣ ከኋላ ጥላው ሥር ግማሽ ሰዓት ጋደም በይ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ። እኔም ሠላሳ ዓመት የነዳሁት እንደዚሁ ነው። ማን ያውቅብሻል?»

የቀረው አራት መንደር ነው። ዊብከ ኩባያውን አነሣች፤ ሙቀቱ ለእጇ ደስ አላት። ግማሽ ሰዓት ብቻ። እሑድ ደግሞ በደንብ ትተኛለች፤ በሚቀጥለው ዓርብም ፈረቃዋን ከሰው ጋር ትለዋወጣለች። ይህንን ሁሉ በሚያዝያ ወርም አስባው ነበር።

«አራት ብቻ እኮ ነው የቀረው» አለች ፌንያ። «ጠንከር አድርጌ አንኳኳለሁ። ስምሽንም እጠራለሁ።»

ዊብከ ቡናውን ሳትቀምሰው መልሳ አስቀመጠችው፤ ስልኳንም ከጃኬቷ ኪስ አወጣች።

«እማዬ፣ አይሆንም!»

«ኤኖ» አለች ዊብከ። «ሂነርክ ጋ ነን። ደክሞኛል። እየነዳሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። መጥተህ ውሰዳት።»



«ተጎድታለች?»

«አልተጎዳችም።»

«መጣሁ።»

ፌንያ ጀርባዋን ሰጥታት ተቀመጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «እችል ነበር» አለች። «እኔ እኮ አንድም ቀን ተኝቼ አላውቅም!»

«አውቃለሁ። ግን ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ሂነርክ የድንች ጥብስ በሰሃን አቀረበላቸው፤ ማንም አልነካውም።

ኤኖ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። አፈር የለበሰ የአትክልት ቦታ ጎማ ጫማውን እንኳ አልቀየረም። በፌንያ ፊት ተንበርክኮ ትከሻዋን፣ ክርኗን፣ ጉልበቷን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ «ደህና ነኝ አልኩህ» እስክትለው ድረስ አላቆመም። ከዚያ ቀና ብሎ ዊብከን አየ። ስትጠብቀው የነበረውን ዓይነት አስተያየት አላየችበትም፤ ፈርቶ ነበር።

«ከእንግዲህ ከኋላሽ አትቀመጥም።»

«አትቀመጥም።»

«የነሐሴውስ ነገር?»

ዊብከ መልስ ነበራት። ዓመቱን ሙሉ ያዘጋጀችው፣ ነጥብ በነጥብ የተደረደረ መልስ ነው። ልታወጣው ስትል ተወችው።

«እሑድ ጠይቀኝ» አለችው። «ተኝቼ ልነሣና እመልስልሃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጠየቅከኝ ነገር ሁሉ ደክሞኝ ነው የመለስኩልህ። እምቢ ስልህም፣ እሺ ስልህም።»

ኤኖ ጫማውን አስፋልቱ ላይ አሸ። «ሌሊት እንደምትሠሪ አውቃለሁ» አለ። «ዓርብ ዓርብ እኔ መጥቼ ልወስዳት እችል ነበር። እስከ ቤትሽ።»

«አላልክም።»

«አንቺም አልጠየቅሽኝም።»

«አልጠየቅኩህም።»

«እሑድ እኔ አመጣታለሁ» አለ። «ያኔ እንነጋገራለን።» ሐሳቡን ትቼዋለሁ አላለም፤ እሷም እንዲለው አልጠየቀችውም።

ፌንያ እናቷን ሳትስም መኪናው ውስጥ ገባች። የመኪናው ሞተር ሲነሣ ግን መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«እሑድ እምቢ ትይዋለሽ አይደል?»

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

ለዚህ ጥያቄ እስከዛሬ «አዎ» ነበር የምትላት። ፌንያ የእናቷን ፊት መረመረች።

«እኔስ እጠየቃለሁ?»

«ትጠየቂያለሽ። አባትሽም ሰምቷል።»

ኤኖ መሪውን እንደያዘ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ወደ ዋናው መንገድ ሳይወጣ ልጅቷ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ ጣል አድርጋ ተኝታለች፤ ወደ ኋላ ዞራ እጇን አላወዛወዘችም። ዊብከ እስኪሰወሩ ድረስ ቆመች። የሞተሩን ቁልፍ ለሂነርክ ሰጠችውና ከመሸጫው ጀርባ፣ ጥላው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተጋደመች። በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ስትበር የመጣባት እንቅልፍ አሁን አልመጣ አለ። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እያዳመጠች፣ ዓይኗን እንደገለጠች፣ እሑድ የምትለውን ታስብ ጀመር።